ለአይሮፕላን አምሳያ የሚሆን ሜዳ ስለ መሥራት

የቤተ ሰብ ገጽ፤ የእጅ ሥራ

በዛሬው ዘመን በብዙ ቤት ውስጥ፥ ከመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ወይም ከመስኮት አጠገብ፥ አንድ ትንሽ የአይሮፕላን አምሳያ ተቀምጦ ይታያል። ልጁ ብዙ ማታ ተቀምጦ አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር እያጣበቀ፥ ቀለሙንም እየቀባ ከፈጸመው በኋላ፥ ወላጆቹና ዘመዶቹ አመስግነውት አምሳያው ወደ መደርደሪያው ይወጣል። ከዚያ ወዲያ አቧራ ይለብሳል፤ ቤት የሚጠርግ ሰው ሲያነሣው እግሩ ይሰበራል፤ በመጨረሻውም የሚያስታውሰው ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ሥራው መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚቆምበት ስፍራ ስላልተሠራለት ነው።

አይሮፕላን ምንም እንኳ የሰማይ መንገደኛ ቢሆን ሥራው የሚታየው በምድር ላይ ነው። ጭነቱ የሚጫነው፥ መንገደኛው ከዘመዱ የሚሰናበተው፥ ሞተሩ የሚታደሰው፥ ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው በምድር ነው። ስለዚህ ለአምሳያው የሚሆነውን ሜዳ መሥራት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ትርፍ ነገር አይደለም። አይሮፕላኑ ለማን እንዳገለገለና በምን ዓይነት አገር እንደ ዋለ የሚናገረው ይኸው ሜዳ ስለ ሆነ፥ የሥራው እኩሌታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዛሬው ገጻችን ይህን ሜዳ በቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

ምናልባት፥ «አፈርና ጀሶ ማቡካት ለደኅና ሰው ልጅ ምን ይረባዋል?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህ አሳብ ከጥንት ጀምሮ አገራችንን የጎዳ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን መናቅ የቆየ ልማድ ስለ ነበረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጅ አፍን ሊከለክል ይችላል፤ ልብን የሚያስተምረው ግን የራስ እጅ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ጋት መሬት ለማሳመር የደከመ ልጅ፥ አናጢ ወይም ግንበኛ ሲያይ በንቀት ሊመለከተው አይችልም።

አሁን ለምሳሌ የሚሆነንን አይሮፕላን እንምረጥ። ከሁሉ ይልቅ የሚስማማን ዳኮታ የሚባለው ነው። ይህ አይሮፕላን በአሜሪካ አገር የዳግላስ ኩባንያ በ1928 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ካበረረው ከዲሲ 3 የተገኘ ሲሆን፥ ለጦር ሠራዊት ጭነት የተሠራው ዓይነት ሲ 47 ይባላል፤ ዳኮታ ብለው የሰየሙት እንግሊዞች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እጅግ ብዙ ተሠርቶ፥ የጦር ሠራዊቱ ዓይነት ብቻ ቁጥሩ ከ10 ሺህ በላይ ደርሷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገው በዚሁ ዓይነት አይሮፕላን ነው። በውስጡም በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር ነበረ፤ ጭነቱም በመካከል ታስሮ ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ ዓመታት ውስጥ ዳኮታ ሣር በለበሱና ጠጠር በተነጠፈባቸው የጠቅላይ ግዛት ሜዳዎች እያረፈ ሰውንና ዕቃን አመላልሷል። እንግዲህ የምንሠራው ሜዳ ከእነዚህ የአንዱ አምሳያ ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ልክ እንነጋገር፤ ሥራውን እውነተኛ የሚያደርገው ልክ ነውና። ለሽያጭ ከሚቀርቡት አምሳያዎች ብዙዎቹ ከእውነተኛው አይሮፕላን 72ኛ እጅ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህ ልክ ከእንግሊዝ አገር የተገኘ ነው፤ ትርጓሜውም አንድ ኢንች ስለ ስድስት ጫማ ይቆጠራል ማለት ነው። የእውነተኛው ዳኮታ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱም 19 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ በአምሳያው ላይ ክንፉ 40 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሜዳው ላይ የሚቀመጠው ነገር ሁሉ ለዚህ ሕግ መገዛት አለበት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 15 ሳንቲ ሜትር የበቀለ ሣር 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የጡጫ ያህል የሚሆነውም ድንጋይ እንደ አሸዋ ቅንጣት ያንሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ከግቢው ትልልቅ ጠጠር ለቅሞ በአይሮፕላኑ አጠገብ ቢያስቀምጥ፥ ጠጠሩ በዚህ ልክ ሲታሰብ በሬ የሚያህል ቋጥኝ ይሆናል፤ እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ደግሞ ያለ ጥፋት ሊያርፍ የሚችል አይሮፕላን የለም። ባሕር ዛፍ ለማቆም የሚመኝ ሰውም ያስብ፤ 20 ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ በዚህ ልክ 28 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ከአይሮፕላኑ ርዝመት ይበልጣል። በእውነተኛው ሜዳ ደግሞ በክንፍ አጠገብ ዛፍ እንዲቆም አይፈቀድም። ስለዚህ የጎደለ የሚመስለውን መተው ከመጨመር የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛው መሰናዶ መጠየቅ ነው። ጀሶው ከመበጥበጡ በፊት ልጁ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ወደ አያቶቹ፥ ወይም የዚያን ዘመን ሜዳ በዓይናቸው ወዳዩ ሽማግሌዎች ይሂድ። አፈሩ ቀይ ነበርን ወይስ ጥቁር ዋልካ? ሣሩን ከብት ይግጠው ነበርን? ጭነቱ በምን መጥቶ በምን ይሄድ ነበር? ነዳጁ በበርሜል ይቀመጥ ነበርን? ሰው የሚጠብቀው በጥላ ሥር ነበርን ወይስ በፀሐይ? ብሎ ይጠይቅ። የአይሮፕላኑ ክንፍ ስንት ሜትር እንደ ነበረ በመጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል፤ የአንዲት አነስተኛ ከተማ ሜዳ እንዴት እንደ ነበረ ግን ብዙ ጊዜ ያልተጻፈ ነው። በሰዎች ልብ ብቻ የተቀመጠ ነገር ከሰዎቹ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከ1938 ዓ.ም. ወዲህ ከሰማንያ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ስላለፈ፥ ይህን የሚነግሩን ሰዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ናቸው። በቤት ውስጥ የቆየ ፎቶግራፍ ቢኖርም ከሣጥን ወጥቶ ይታይ፤ የአይሮፕላኑም ቀለምና ምልክት ከፎቶግራፍ ጋር ሳይመሳከር አይቀባ።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ይህ ነው። 50 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነና ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ደረቅ ጣውላ፥ አንድ ኪሎ ጀሶ፥ ነጭ የእንጨት ኮላ፥ በወንፊት የተነፋ አፈር፥ ጥቂት ሰጋቱራ፥ የቃጫ ገመድ፥ ቀጭን ሽቦ፥ ሦስት ወይም አራት ዓይነት በውሃ የሚቀጥን ቀለም፥ ወፍራምና ቀጭን ብሩሽ፥ የብርጭቆ ወረቀት፥ ወረንጦና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ናቸው። ከባሕር ማዶ ተሰናድቶ የሚሸጥ የሣር ብናኝ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን ሥራው አይቀርም።

በመጀመሪያ ጣውላው በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ከዚያም ላዩም ታቹም ቬርኒሽ ይቀባ። አንድ ፊቱ ብቻ ከተቀባ የጀሶው እርጥበት በሌላው ፊት ገብቶ ጣውላውን ያጣምመዋል። ቬርኒሹ ከደረቀ በኋላ አይሮፕላኑ በጣውላው ላይ ተቀምጦ ስፍራው ይመረጥ። ከገበታው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጎ ማቆም ዕቃን በሣጥን ውስጥ እንደ መክተት ስለሚያስመስለው ጥቂት አዘንብሎ ማስቀመጥ ይበጃል። የዳኮታ ሰፊው የጭነት በር በግራ ጎኑ ከክንፉ በስተ ኋላ ስለ ሆነ ግራ ጎኑ ወደ ተመልካቹ መዞር አለበት፤ አለዚያ የሥራው ፍሬ ነገር በስተ ጀርባ ይቀራል። ስፍራው ከተመረጠ በኋላ ሦስቱ መንኰራኵሮች የሚያርፉበት በእርሳስ ይመልከት።

ቀጥሎ ጀሶው ይበጠበጥ። ጀሶ በውሃ ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃ በጀሶ ላይ አይፈስም፤ እንዲህ ካልተደረገ ይጓጉላል። እንደ ገንፎ ሲወፍር ግማሽ ሳንቲ ሜትር በሚያህል ውፍረት በጣውላው ላይ ይለቅለቅ። ሜዳ ምንም ሜዳ ቢባል እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ወገን ጥቂት ከፍ፥ በሌላው ጥቂት ዝቅ ቢል ለዓይን ይስማማል። ጀሶው ገና ለስላሳ ሳለ የአይሮፕላኑ መንኰራኵሮች በስስ ላስቲክ ተጠቅልለው በተመለከተው ስፍራ ላይ በቀስታ ይጫኑ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲገቡም ይነሡ። እውነተኛው ዳኮታ ባዶውን እንኳ 8 ሺህ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሣር ሳያጎብጥ በመሬት ላይ አይቆምም። መንኰራኵሩ በሣሩ ጫፍ ላይ የተንሳፈፈ አይሮፕላን፥ የቀረው ሁሉ ቢያምርም፥ ወዲያው አሻንጉሊት መሆኑን ይናገራል። ሁለቱ የፊት መንኰራኵሮች የመጡበት ፈለግ፥ በመካከላቸውም የጅራቱ መንኰራኵር ቀጭን ፈለግ በክብሪት እንጨት ይሠመር። ዳኮታ ጅራቱን ወደ መሬት ዝቅ፥ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ የሚቆም ስለ ሆነ፥ ሦስቱም መንኰራኵሮች መሬት መንካታቸው በዚህ ጊዜ ይመርመር። ከዚያ በኋላ ገበታው ሌሊትና ቀን ይድረቅ፤ የክረምት ወራት ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መታገሥ ያስፈልጋል።

ጀሶው ሲደርቅ አፈር የሚመስል ቀለም ይቀባ። ነጭ ሆኖ ከቀረ፥ በኋላ አንዲት ቅንጣት ስትረግፍ ነጩ ብቅ ይላል። የሚነሰነሰው አፈር አስቀድሞ በምጣድ ላይ ይታመስ፤ ትልና ሻጋታ እንዳይኖረው ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ በወንፊት ተነፍቶ፥ በውሃ የቀጠነ ኮላ በተቀባው ሜዳ ላይ በስሱ ይነስነስ። ኮላው እኩሌታው ውሃ ቢሆንና አንዲት የሳሙና ጠብታ ቢጨመርበት በየስንጥቁ በደንብ ይገባል።

ሣሩ ከቃጫ ይሠራል። ገመዱ ተፍትቶ በአረንጓዴና በብጫ ቀለም ይነከር፤ ሲደርቅ በመቀስ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር እየሆነ ይቆረጥ። ኮላ በተቀባው ስፍራ ላይ ከተበተነ በኋላ በጥርስ ብሩሽ ወደ ላይ ይነቃነቅ፤ እኩሌታው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሜዳውን ሁሉ በአንድ ዓይነት አረንጓዴ መሸፈን አይገባም። የመጋቢትን መጨረሻ ያሰብን እንደ ሆነ፥ የበጋው ሣር ገና ብጫ ሆኖ ሳለ የበልግ ዝናም ያበቀለው ለጋ ሣር በመካከሉ ብቅ ብቅ ይላል። ሰው የሚመላለስበት ስፍራ የተራቆተ ይሁን፤ በሞተሮቹ በስተ ኋላ ያለው ሣር የሞተሩ ነፋስ እንዳስተኛው ሆኖ ይተኛ። በእያንዳንዱ ሞተር ሥር ሁለት ወይም ሦስት የጥቁር ቀለም ጠብታ ይደረግ፤ የዚህ ዓይነት ሞተር ቆሞ ሳለ ዘይት ማንጠባጠቡ የታወቀ ነውና። በመጨረሻም አቧራ የሚመስል ፈዛዛ ቀለም በብሩሽ ተነክሮ፥ ብሩሹም በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ ሲል፥ የሜዳውን ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ይዳብስ። ትንሽ ነገር ጠቆር ያለ ቀለም ከተቀባ ከልኩ ይልቅ የጨለመ መስሎ ስለሚታይ፥ ቀለሙን ሁልጊዜ ከእውነተኛው ጥቂት ማፍዘዝ ያሻል።

ከዚህ በኋላ ሰዎችና ዕቃዎች ይገባሉ። የነዳጅ በርሜል ከተጠቀለለ ወረቀት ይሠራል፤ ቁመቱ 12፥ ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። የቡና ጆንያ ከጀሶ ሊጥ ይድቦለቦላል፤ ሳይደርቅም ቀጭን ጨርቅ ቢጫንበት የጆንያ ፈትል መስሎ ይታያል። ሰዎቹ ከሽቦ አጥንት ተበጅቶላቸው በኮላ በተነከረ ስስ ወረቀት ይለብሳሉ፤ ነጠላና ጋቢ ከዚህ ይልቅ የሚያምርበት ዘዴ የለም። ቁጥራቸው ግን አይብዛ። በበሩ አጠገብ ጆንያ የሚያቀብል አንድ ሠራተኛ፥ በክንፉ ሥር ሞተሩን ቀና ብሎ የሚያይ አንድ መካኒክ፥ ጥቂት ራቅ ብላም ልጅዋን ይዛ የቆመች አንዲት እናት ቢኖሩ ይበቃል። በእነርሱና በአይሮፕላኑ መካከል ባዶ ስፍራ ይተው። ዓይን በዚያ ባዶ ስፍራ ሲያልፍ የመሰናበትን ነገር ያስባል፤ ሜዳው በሰውና በዕቃ ከተጨናነቀ ግን ገበያ ይመስላል እንጂ የአይሮፕላን ማረፊያ አይመስልም።

ወላጆች ስለ ጥንቃቄ ይህን ያስተውሉ። ምላጭና ስለታም ቢላዋ ለትንሽ ልጅ አይሰጥ፤ የሚቆረጠውን አባት ወይም እናት ይቍረጡለት። ላስቲክ የሚያጣብቀው ኮላና በመንፊያ የሚረጨው ቀለም ራስ የሚያዞር ሽታ ስላላቸው መስኮት ተከፍቶ ወይም በደጅ ይሠራባቸው። ብዙ ጀሶ ሲረጋ ይግላል፤ ስለዚህ ልጅ እጁን በውስጡ አያቆይ። የተረፈውም ጀሶ በውሃ መውረጃ ቧንቧ ውስጥ ከተደፋ እንደ ድንጋይ ስለሚረጋ፥ ደርቆ ከቆሻሻ ጋር ይጣል። ከሁሉ በላይ ግን ወላጅ ልጁን ይርዳ እንጂ ሥራውን አይንጠቀው። አባት የሠራውና ልጅ የተመለከተው ሜዳ ለእንግዳ ማሳያ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ልጁን አያስተምረውም። በልጅ እጅ የተሠራ ጠማማ በርሜል በአባት እጅ ከተሠራ ቀጥ ያለ በርሜል ይሻላል።

ሥራው ሲፈጸም የገበታው ጠርዝ በአንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም ይቀባ፤ አቧራ እንዳያበላሸውም የሚቻለው ሰው የመስተዋት ክዳን ያሠራለት። በፊቱ በኩል በአጭር ቃል የአይሮፕላኑ ስም፥ የሜዳው ስምና ዘመኑ ይጻፍ። በታቹ ደግሞ የሠራው ልጅ ስም፥ የተፈጸመበት ቀንና ሜዳው እንዴት እንደ ነበረ የነገሩት ሽማግሌ ወይም አሮጊት ስም ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ጽሕፈት ከሁሉ ይልቅ የከበረ ነው። አምሳያው ከሱቅ በገንዘብ ይገኛል፤ ጀሶውም ቀለሙም እንዲሁ። የአያት ምስክርነት ግን በገንዘብ የሚገኝ ባለመሆኑ፥ ዛሬ ካልተጠየቀ ነገ የሚመልሰው ሰው አይኖርም።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ በቤታችሁ መደርደሪያ ላይ መሬት አጥቶ የቆመ አይሮፕላን ቢኖር፥ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ልጃችሁን ወረቀትና እርሳስ አስይዛችሁ ወደ አያቱ ላኩት። ጀሶው ይቈያል፤ አስቀድሞ ጥያቄው ይደረግ።